ኮምፒውተሬን ውሃ ላጠጣው ወይስ ይቅርበት?

ሆሳዕና ውስጥ በሐምሌ ወር ስለ ሙቀት የሚያማርር ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አገሩ ሁሉ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ጉሙን እየሰነጠቀ ሲሄድ እኔ «ዛሬ ደግሞ ሰማንያ ሰባት ገባች» እያልኩ በየሻይ ቤቱ እተክዛለሁ። አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጠው ሻይ የሚጠጡ ሽማግሌ ይህን ሰምተው «ዕድሜ ይጨምርላቸው፤ እናትህ ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም ብል ብዙ ማብራራት ይመጣል። «አሜን» ብዬ ሻዬን ጨረስኩ።

ሰማንያ ሰባት የገባችው ግራፊክስ ካርዴ ናት። ሰማንያ ሰባት ዲግሪ።

እኔ የምኖረው ገና ያልተሠራ ነገር ለሰው በማሳየት ነው። መሐንዲስ በወረቀት የነደፈውን ቤት እቀበልና ኮምፒውተሬ ላይ አቆመዋለሁ፤ ቀለም እቀባለሁ፣ ቆርቆሮ አለብሳለሁ፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ እተክላለሁ፣ ፀሐይ አወጣለሁ። ከዚያ ባለቤቱ በገዛ በሩ የሚገባ እስኪመስለው ድረስ ቪዲዮ አድርጌ እሰጠዋለሁ። ያንን ቪዲዮ ምስል በምስል እየሳለች የምታወጣው ካርዷ ናት። ሥራው ሬንደር ይባላል። እኔ አንድ ቁልፍ ተጭኜ እቀመጣለሁ፤ እሷ ለሰዓታት ትለፋለች። ስትለፋ ትሞቃለች። ስትሞቅ አየር የሚነፉላት ሦስቱ ፋኖቿ ስሚንቶ ጭኖ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ያጓራሉ። ሰማንያ ስምንት ስትደርስ እጇን ሰብስባ ሥራዋን ታዘገያለች፤ ከዚያ ካለፈች ስክሪኑ ድርግም ይልና የግማሽ ቀን ሥራ አብሮት ይሄዳል።

መፍትሔውን ያየሁት ስልኬ ላይ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔም ተጋድሜ፣ አንድ ቪዲዮ ከፈትኩ። አንድ ፈረንጅ የካርዱን ፋኖች አወለቀና በቦታቸው ውሃ በውስጡ የሚያልፍ ብረት ገጠመ። ከብረቱ እንደ ብርሌ የጠሩ ሁለት ቱቦዎች ወጡ። ውሃው ከካርዱ ላይ ሙቀቱን ተሸክሞ በአንዱ ቱቦ ይሄዳል፣ የመኪና ራዲያተር የመሰለ ነገር ውስጥ ገብቶ ይቀዘቅዛል፣ በሌላው ይመለሳል። ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሰማያዊ መብራት አለው። ድምፅ የለውም።

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጉድለት አለብኝ፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ትኩር ብዬ ካየሁ ይዞኝ ይሄዳል። አራተኛ ክፍል እያለሁ በመስኮት አንድ ደመና አይቼ አብሬው ሄድኩ፤ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር፣ ጥቁር ሰሌዳውም ተጠርጓል። ያን ቀን ደግሞ ከውሃው ጋር ሄድኩ። ክፍሌ ጸጥ ብሎ ታየኝ። ኮምፒውተሬ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ፣ እንደ ትንሽ ሐይቅ ሰማያዊ ሆኖ፣ ውስጡ ቀስ እያለ ውሃ ይዞራል። እኔም ቀስ እያልኩ አብሬ እዞራለሁ። ማርታ ስትጠራኝ ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል።

«ምንድን ነው የምታየው?» አለችኝ።

«ኮምፒውተሩን ውሃ ላጠጣው እያሰብኩ ነው።»

ማርታ ባለቤቴ ናት፤ የሒሳብ መምህርት። ሰው የተሳሳተ መልስ ሲሰጣት «ስህተት ነው» አትልም። «እስቲ እንዴት እንደደረስክበት አሳየኝ» ነው የምትለው። አሳየኋት። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አይታ፣ በረንዳው ላይ ወደተደረደሩት ጀሪካኖች ዞር አለች።

«ቧንቧችን በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?»

«ሁለት ቀን።»

«ሲመጣ ማን ይቅደም? እኛ ወይስ እሱ?»

«አንድ ሊትር እኮ ነው የሚፈልገው። ያውም ያንኑ ነው የሚያዞረው፤ አይጠጣውም።»

«ታዲያ ላጠጣው ለምን አልክ?» ብላኝ ወጣች።

ወንድሟ ታምራት ግን እንደ እሷ አይደለም። ታምራት ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጆች እዚያ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በዚያ ሳምንት ደውሎ ሥራ እንዴት ነው ሲለኝ ስለ ካርዷ ትኩሳት ነገርኩት፤ እግረ መንገዴንም የያዝኩትን ሥራ። የያዝኩት ሥራ ድልድይ ነው። የእነ ማርታ እናት መንደር ከፎንቆ ወጣ ብሎ ከአንድ ወንዝ ማዶ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላና መንደሩ ለብቻው ይቀራል፤ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ፣ በሽተኛ ከሐኪሙ ይለያያል። ልጃችን የተወለደችው በነሐሴ ነበር፤ አያቷ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው እስከ ወንዙ መጥተው፣ ሁለት ቀን ማዶ ቆመው ተመልሰዋል። አሁን መንደሩ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ አንድ መሐንዲስ ለሰውና ለአህያ የሚሆን ድልድይ ነድፎላቸው፣ እኔ ደግሞ ድልድዩ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በቪዲዮ ሠርቼ በስብሰባ ላይ እንዳሳያቸው ተስማምተናል። ሕዝቡ አይቶ ከተቀበለው ዝናቡ እንዳቆመ ሥራው ይጀመራል።

«አንተ የእናቴን ወንዝ ድልድይ እየሠራህ ማሽን ይሙቅብህ?» አለኝ ታምራት። «የውሃውን ዕቃ እኔ እልካለሁ።»

ላከም። ወደ አገር የሚመለስ ሰው አዲስ አበባ ድረስ አመጣው፤ ከዚያ በአውቶቡስ መጣልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል ካርቶኑን ከጣሪያ ያወረደልኝ ተሸካሚ ምንነቱን ጠየቀኝ። በውሃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ ነው አልኩት። ቀና ብሎ ጉሙን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ካርቶኑን ትከሻዬ ላይ አስተካከለልኝ።

ከካርቶኑ ሁለት ቀን ዘግይተው ደግሞ አማቴ እማማ አረጋሽ መጡ። ወንዙን ሁለት ጎረምሶች አዝለው አሻግረዋቸው፣ ለጉልበታቸው ሕክምና። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣቸውና «ብርድ እንዳያገኝዎት፤ እግርዎን ሙቀት ያግኘው» አላቸው። በሐምሌ፣ ሆሳዕና።

ስለ እኔና ስለ እማማ አረጋሽ እውነቱን ልናገር። ከማርታ ጋር ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነው ሰላምታና ምርቃት ብቻ ነው። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው። እሳቸው ሀዲይኛ ተናጋሪ ናቸው። የምንገናኘው በአማርኛ ነው፤ የተዋሱትን ልብስ ለብሰው ሠርግ እንደመጡ ሁለት ሰዎች፣ እንዳናቆሽሸው እየተጠነቀቅን። በዚያ ላይ ሥራዬ አይገባቸውም። በየዓመቱ ማርታን «ባልሽ ሥራው ምንድን ነው?» ይሏታል። «ኮምፒውተር» ትላቸዋለች። «እሱንስ አየሁት። ሥራው ምንድን ነው?»

በመጡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሬንደር አስጀምሬ ቁጭ ብያለሁ፤ ፋኖቹ ማጓራት ጀምረዋል። እማማ አረጋሽ የሚቀመጡባትን ዱካ ይዘው ገቡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሄደው፣ ሞቃቱ አየር በሚወጣበት በኩል መዳፋቸውን ዘረጉ። ቆዩ። ከዚያ ዱካውን አስቀመጡ፣ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሁለቱን እግራቸውን ዘርግተው ቀኙን በግራው ላይ አነባበሩና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦታቸው እዚያ ሆነ። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፤ መሃላችን ካርዷ ታጓራለች። አንናገርም። ጉሙ በመስኮቱ ያልፋል። አንዳንዴ ወደ ሥራዬ ሳልመለስ ረጅም ጊዜ ጉሙን አያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የት እንደሚሄዱ ባላውቅም እንደ እኔ የሚሄዱበት ቦታ እንዳላቸው ከፊታቸው ያስታውቃል።

የሚገርመው ይህን ሁሉ እያየሁ ስለ ውሃው ማሰቤን አለማቆሜ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ራዲያተር አለ፣ ፓምፕ አለ፣ ቱቦ አለ፣ ሰማያዊ መብራትም አለ። ዕቅዴ ራዲያተሩን በመስኮት አሳልፌ በረንዳው ላይ መስቀል ነበር፤ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ጉሙ ይሂድ ብዬ። የቀረኝ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ቱቦውን ያቆሽሻል። የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። የተጣራ ውሃ ደግሞ ባትሪ የሚሞላ ሰው ዘንድ አይጠፋም ብዬ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ወዳላቸው ወደ ጋሽ ከድር ሄድኩ። ጋሽ ከድር የሾኔ ሰው ናቸው፤ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አሁን ይጠግናሉ።

«የባትሪ ውሃ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«የትኛውን? ንጹሁን ነው አሲዱን?»

የትኛውን እንደሆነ ለማወቅ የምሠራውን ሁሉ ጠየቁኝ። ስለ ካርዷ፣ ስለ ትኩሳቷ፣ ስለ ቱቦው ነገርኳቸው። በራዲያተር ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«ውሃ ጥሩ ነው» አሉ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ግን ውሃ ካለ ቀን ጠብቆ መፍሰስ አለ። እኔ ሃያ ዓመት ስነዳ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ የቆምኩ ይመስልሃል? አብዛኛውን ጊዜ ያቆመኝ ሞተር አይደለም፤ ቱቦ ነው። የእኔ ቱቦ ሲፈነዳ አስፋልት ነው የሚረጥበው። ያንተ ሲፈነዳ ምኑ ነው የሚረጥበው?»

«ካርዷ።»

«እንግዲህ። ለመሆኑ አቧራዋን አስነፍተሃል?»

«አላስነፋሁም።»

«መጀመሪያ አምጣትና በኮምፕሬሰር እንንፋት። አየር የሚገባበት ተደፍኖ ውሃ ምን ያደርግልሃል?»

ልክ ነበሩ። ልክ የሆነ ምክር ግን ሰማያዊ መብራት የለውም። ንጹሁን ውሃ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዕቃው ካርዷ ላይ ከመገጠሙ በፊት ለብቻው አንድ ቀን ሙሉ ውሃ እያዞረ መሞከር አለበት። የሚያፈስ ከሆነ እንዲታወቅ ሥሩ ነጭ ሶፍት ይነጠፋል። ጠረጴዛ ላይ ሶፍት አነጠፍኩ፣ ፓምፑን ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ኃይል ሰጥቼ አስነሳሁት። ውሃው ቱቦው ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ተንደቀደቀ፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይዞር ጀመር። እንደ ሩቅ ምንጭ ያለ ቀጭን ድምፅ ነበረው። እማማ አረጋሽ ድምፁን ሰምተው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁለታችንም አየነው። አረፋ አንዷ ከፓምፑ ትነሳለች፣ በቱቦው ትወጣለች፣ ራዲያተሩ ውስጥ ትጠፋለች፣ እንደገና ትመጣለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ እኔ የለሁም። ራሴን አንጋጫ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው ምንጭ ዳር አገኘሁት፤ እግሬ ውሃው ውስጥ ነው፣ ውሃው ሰማያዊ ነው፣ ካርዷ አጠገቤ ሣር ላይ ተቀምጣ «ደህና ነኝ፣ ቀዝቅዣለሁ» ትለኛለች።

ስነቃ እማማ አረጋሽም ዱካቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ሶፍቱ ደግሞ ረጥቧል።

ከራዲያተሩ ሥር፣ የአንድ ብር ሳንቲም የማይሞላ እርጥበት። አጥብቄ አሠርኩ፣ ሶፍት ቀየርኩ፣ ጠበቅኩ። ረጠበ። ቱቦውን ነቅዬ እንደገና ገጠምኩ። ረጠበ። ፓምፑን አጠፋሁት፤ ጠፍቶም ረጠበ። ሳይዞር እንዴት ያፈስሳል ብዬ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ፤ ለታምራት ደወልኩ፤ ታምራት ዕቃውን ወደሸጠለት ሰው ደወለ፤ ሰውየው ይህ ፈጽሞ አይቶት የማያውቀው ችግር መሆኑን ተናገረ። በሁለተኛው ቀን ማርታ ገብታ ትንሽ ቆመችና በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝ። ዝናብ ስለበዛ ልብስ የምናሰጣው እቤት ውስጥ ነው። ከጠረጴዛው በላይ በተዘረጋው ገመድ ላይ የራሴ ካልሲ ተሰቅሏል፤ ከጫፉ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ትሰፋለች።

«እንዴት እንደደረስክበት አትንገረኝ» አለችኝ ማርታ።

ዕቃው አያፈስም ነበር ማለት ነው። ላለመግጠም የቀረኝ ሰበብ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ቀን ከሰዓት ሌላ ነገር ተፈጠረ።

ሬንደር ከተሠራው ላይ አንድ ደቂቃ ያህል አውጥቼ በስክሪኑ ላይ እያየሁ ነው። ወንዙ ይፈሳል፤ ካርዷን ከምንም በላይ የሚያሞቃት ይሄ የሚፈሰው ውሃ ነው። እያንዳንዷን ሞገድ ማስላት አለባት። ድልድዩ ከላዩ ቆሟል፤ በግራ በኩል አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ መሐንዲሱ በሰጠኝ ፎቶ መሠረት ያስቀመጥኩት። እማማ አረጋሽ እግራቸውን አሙቀው ሲነሱ ከኋላዬ ቆሙ።

«ይሄ የት አገር ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ አገር ነው እኮ እማማ። ወንዛችሁ ነው።»

ጎንበስ ብለው አዩ። «አይደለም።»

«ድንጋዩን አያዩትም?»

«ድንጋዩ የእኛ ነው። ውሃው የእኛ አይደለም። የእኛ ውሃ ቀይ ነው።»

ቀለሙን እንደምቀይረው ነገርኳቸው። ግን አልሄዱም። ጣታቸውን ድንጋዩ አናት ላይ አደረጉ፤ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ጎትተው ድልድዩ ላይ አሳረፉት። ድልድዩ ከድንጋዩ አናት ዝቅ ይላል።

«በሐምሌ ይሄ ድንጋይ አይታይም» አሉ።

«እንዴት አይታይም?»

«ውሃ ይበላዋል። አሁን የመጣሁ ቀን የት እንዳለ ያወቅኩት ውሃው ከላዩ ስለሚጎብጥ ነው። ልጆቹ ሲያሻግሩኝ ከእሱ በላይ፣ ውሃው ሰፍቶ በሚሳሳበት ነው የሄዱት።»

ስክሪኑን አየሁ። እሳቸው ድልድይ አላሉም፣ ስህተት አላሉም። ዱካቸውን አንስተው ሄዱ። እኔ ግን ሰውነቴ ቀዘቀዘ፤ ያለ ራዲያተር። ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አሸዋ ቆፍሮ የሚሠራው ድልድይ በመጀመሪያው ሐምሌ ከውሃ በታች ነው የሚውለው።

መሐንዲሱ ጋ ደውዬ እማማ ያሉትን ነገርኩት። ዱራሜ የሚኖር ቁም ነገረኛ ልጅ ነው። የለካው በጥር እንደሆነ፣ የውሃውን ከፍታ ደግሞ ከኮሚቴው ሰዎች ጠይቆ እንደያዘ ነገረኝ።

«ማንን ነው የጠየቅከው?» አልኩት።

«ወንዶቹን። ሊቀመንበሩንና ሌሎቹን።»

«ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች አልጠየቅክም?»

በማግስቱ በሞተር ብስክሌት ፎንቆ ሄደ፤ ሞልቶ የሚፈሰውን ወንዝ በዓይኑ አየ። ማታ ሲደውልልኝ ድምፁ የተለየ ነበር። «ድንጋዩን ላገኘው አልቻልኩም» አለኝ። «ለእናታችን ሰላምታ አቅርብልኝ። ከፍ አድርጌ እልክልሃለሁ።»

አዲሱ ንድፍ የመጣው ሰኞ ነው። ስብሰባው ቅዳሜ። እኔ ደግሞ ሁሉንም ከመጀመሪያው መሥራት አለብኝ፤ ያውም አሁን ወንዙ ሞልቶ፣ ቀይ ሆኖ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ጋር እየተንከባለለ። ካርዷ እንዲህ ያለ ውሃ አይታ አታውቅም። ሰኞ ሁለት ጊዜ ድርግም አለችብኝ። ማክሰኞ ጠዋት በጀመርኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋች። በቃ አልኩ። የብሎን መፍቻ አንስቼ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈትኩ፤ የውሃውን ዕቃ አጠገቤ አደረግኩ።

እማማ አረጋሽ በሰዓታቸው መጡ። ዱካውን አስቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን ዘረጉ። ጠበቁ። መዳፋቸውን ወደ ማሽኑ ጀርባ ሰደዱ፤ ምንም የለም።

«ዛሬ አይሠራም?» አሉኝ።

«ይሠራል እማማ። እያሻሻልኩት ነው። ከዛሬ በኋላ አይሞቅም።»

«አይሞቅም?»

«ሙቀቱን ውሃ ወደ ውጭ ይዞት ይሄዳል።»

ትንሽ አሰቡበት። «ጥሩ ነው» አሉ። «ሥራ ይቅደም።» ከዚያ ጫማቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ጋቢያቸውን ወደ ጉልበታቸው ሳብ አድርገው እዚያው ተቀመጡ። አልተነሱም። ወዴት ይነሱ? ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ብርድ ነው።

የመጀመሪያዋን ብሎን ፈታሁ። ሁለተኛዋን ፈታሁ። ሦስተኛዋ ላይ መፍቻውን አስገባሁና ቆምኩ። ስለ ጉልበታቸው አሰብኩ ብል ውሸት ነው፤ ጉልበታቸው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት ነገር ቀላል ነው። ስድስት ዓመት ሥራዬ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ የኖሩ ሴት፣ ሥራዬን ያገኙት በእግራቸው ነው። የማውቀው ሰው ሁሉ ቪዲዮዬን አይቶ «ጥሩ ነው» ይለኛል። እሳቸው ብቻ ናቸው በየቀኑ በሰዓቱ የሚመጡት።

ብሎኖቹን መልሼ አሠርኩ። ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ጭኜ፣ ጋሽ ከድር ጋ ወሰድኩት።

ካርዷን አውጥተን ጋሽ ከድር የኮምፕሬሰሩን አፍ አስጠግተው ሲለቁት የወጣው አቧራ ጋራዡን ሸፈነው። የሚጠገን አውቶቡስ አጠገባችን ነበር፤ ለጊዜው ጠፋ። አቧራው ሲቀመጥ ሁለታችንም እንደ ጡብ ሠሪ ቀልተናል።

«ውሃውሳ?» አሉኝ ጋሽ ከድር እየሳሉ።

«ቀረ።»

«ፈሰሰ?»

«አልፈሰሰም። አማቴ እግራቸውን ያሞቁበታል።»

ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊታቸውን ጠርገው ነገሩን እንደ አንድ የሞተር ችግር በቁም ነገር ያዙት። «እንግዲያው በፊት በኩል ብርዱን አስገባ፤ በኋላ በኩል ለእሳቸው ይውጣ» አሉኝ። «አውቶቡስም ላይ ሹፌሩ እግር ሥር እንዲህ ነው የምናደርገው። ሙቀቱን ለምን ትጥለዋለህ?»

ጠረጴዛውን አዙሬ የኮምፒውተሩን ፊት ወደ መስኮቱ አደረግኩት። መስኮቱን አንድ ስንዝር ከፈትኩ። የሆሳዕና ጉም በነጻ እየገባ ካርዷን ይነካታል፤ ሞቆ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ማርታ በእናቷና በመስኮቱ መካከል ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ሰቀለች። ቁልፉን ተጫንኩና ቁጥሯን እያየሁ ጠበቅኩ፤ ሰባ አምስት፣ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ዘጠኝ፤ እዚያ ቆመች። አልጠፋችም። ቀን ቀን እየሠራች ዓርብ ከሰዓት ጨረሰች። እማማ አረጋሽ በእነዚያ ቀናት የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከበፊቱ ይሻላል፤ አቧራ አይሸትም።»

ቅዳሜ ሁላችንም ሄድን። ስብሰባው ከወንዙ ወዲህ ባለው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር፤ የማዶዎቹ ሰዎች በገመድና በትከሻ ተሻግረው፣ እስከ ወገባቸው ረጥበው መጥተዋል። ጄኔሬተር ተነሳ፣ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ። መሐንዲሱ ጥቂት ተናገረና እኔ ቪዲዮውን ከፈትኩ።

ቪዲዮው የሚያሳየው አንድ ሰው በእግሩ ሲሄድ የሚያየውን ነው። መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ በዋርካው ሥር ያልፋል፣ ከዚያ ወንዙ ይታያል፤ ቀይ፣ ሙሉ፣ ከባድ። እይታው ወደ ዳሩ ቀረበ። እግር ሊነሳ ሲል ፊት ለፊት የተቀመጡት እናቶች በአንድ ጊዜ፣ ሳይተያዩ፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ከኋላቸው ወንዶቹ ወደ ሱሪያቸው ጎንበስ አሉ። አንድ አዛውንት አንድ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። መሳቅ አማረኝ፤ ዝቅ ብዬ ሳይ የራሴም እጅ ሱሪዬ ላይ ነው።

እማማ አረጋሽ መሃል ተቀምጠው ነበር። ዞር ሳይሉ በሀዲይኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ማርታ ጆሮዬ ሥር ተረጎመችልኝ፤ «ልቀቁት፤ አይደርስባችሁም» ነው ያሉት።

አንድ በአንድ ለቀቁት። እይታው ድልድዩ መሃል ሲደርስ ወደ ታች ዞሮ ውሃውን ያሳያል። ውሃው ከሥር ያልፋል። አዛውንቱ ጫማቸውን እንደያዙ፣ ቪዲዮው ካለቀ በኋላ «ድገመው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ድልድዩን ተቀበሉት።

እማማ አረጋሽ ሕክምናቸው ስላላለቀ ከእኛ ጋር ወደ ሆሳዕና ተመለሱ። አመሻሽ ላይ ታምራት ደወለ። ቪዲዮውን በቴሌግራም ልኬለት ነበር።

«ውሃው ልክ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «እኔ በሄድኩበት ዓመትም እንደዚህ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን አስተካክሎ፣ «ማሽኑስ? ከገጠምክለት በኋላ ቀዘቀዘ?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። አንድ ብሎን ጎድሏል ልበል፣ ፓምፑ አልነሳም ልበል እያልኩ መንገድ ላይ ሳሰላስል ነው የመጣሁት።

«አልገጠምኩትም» አልኩት።

«ለምን? የጎደለ ነገር አለ?»

«የጎደለ የለም። እናትህ እግራቸውን ያሞቁበታል።»

ከወዲያ የሱቁ ድምፅ ይሰማኛል፤ አንድ ሰው ዳቦ ይጠይቃል፣ ሌላ ሰው ይመልስለታል።

«ቀኝ እግሯን ግራው ላይ አድርጋ?» አለ ታምራት በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ዓይኗን ጨፍና?»

«ፋኑ ማጓራት ሲጀምር ይጨፍናሉ።»

«አሁንም እዚያ ናት?»

ዞር ብዬ አየሁ። እማማ አረጋሽ ከመንገድ መጥተው ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከትናንት ጀምሮ ጠፍቷል።

«እዚያው ናቸው። ግን ሥራው ስላለቀ አልተከፈተም።»

«ታዲያ አስነሳው እንጂ» አለኝ ታምራት። «ስልኩንም ለእሷ ስጣት።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። በሀዲይኛ ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ወደ ፊት በኩል ዞርኩ። የምሠራው ሥራ አልነበረኝም። ኮምፒውተሩን አስነስቼ፣ ወንዙን ከፍቼ፣ ካርዷ ማንም ያላዘዘኝን አንድ ተጨማሪ ክረምት እንድትስል ቁልፉን ተጫንኩ።